የእባቡን ወተት የጠጣው መስፍን

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ የነጎድጓዱ ጌታ ፔርኩናስ ጣሪያዬን ለሁለት ይሰንጥቀው፤ ላሜ ትንጠፍ፤ ንቦቼም ወደዚያች ምቀኛ ጎረቤቴ ይኮብልሉ። ስለ ሁለቱ መሳፍንት ምላስ ያለው ሁሉ ያወራል፤ እዚያ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። የሊትዌኒያ አልጋ የማን እንደሚሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የፊት ጥርሶቼም ሁለቱ ወልቀው ነበር።

ምስክር ከፈለጋችሁ እህቴ ጉዎዳ ይቻትና፤ እኔ ለእነዚህ ወጣት ሴቶች ስተርክ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ የተልባ አገዳ ትቀጠቅጣለች። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ያን ቀንም ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ስናገር ስትሰማ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ብላ አታውቅም። ስለ ፈረሰኞቹ ቁጥር ብቻ አንዳንዴ ታጉረመርማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቁ መስፍን ሲሞት ሁለት ወንዶች ልጆች ተወ፤ አባታቸው አንድ፣ እናታቸው ለየቅል። ቡትሪማስ ከፊተኛዋ ሚስት ነው፤ እሷ የእኛው የጫካው ሰው ልጅ ነበረች። ሱርቪላ ከሁለተኛዋ ነው፤ እሷን ከሩስ ምድር በአርባ ጋሪ ጥሎሽ አመጧት። የአባት ልጅነትን ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ገበታ ተቀምጦ አንዱ የሌላውን አጥንት ይመዝናል። አባታቸው ዓይኑን ሲከድን ሱርቪላ ፈጥኖ ቪልኒየስ ደረሰና አልጋውን ያዘ። ቡትሪማስ ተዋጋ፤ ተሸነፈ፤ ጠፋ። መስቀል ለባሾቹ ጀርመኖች ዘንድ ገባ የሚል ነበረ፤ ረግረግ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ የሚልም ነበረ።

አባታችን ጊርዴኒስ ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አፉን አልከፈተም። ንብ አርቢ ነበር። በቆመ ጥድ ግንድ ውስጥ፣ ከመሬት ብዙ ከፍ ብሎ፣ ለንቦቹ ቤት ይቦረቡርላቸዋል፤ በገመድ እየተሳበ ይወጣል። እሱ የሚወጣባቸው ጥዶች ጫፋቸው ደመና ያበጥር ነበር። አንዴ እላይ ሆኖ ባሕሩን እንዳየ ነግሮኛል። ወይም እኔ ነግሬዋለሁ፤ ብቻ ከሁለት አንዳችን ተናግረናል።

በእኛ ዘንድ ንብ አይሸጥም። የአንዱ ንብ ኮብልሎ የሌላው ዛፍ ላይ ከሰፈረ፣ ባለቤቶቹ ከዚያች ቀን ጀምሮ የንብ ዘመድ ይባላሉ። አንዱ ገበሬ ሌላው መስፍን ቢሆን እንኳ ማሩን እኩል ይካፈላሉ፤ አንዱ ሲሰደድ ሌላው በሩን ይከፍትለታል። ከንብ ዘመድ ጋር ደም የተፋሰሰ ሰው ቀፎው በአንድ ሌሊት ባዶ ይቀራል፤ ቀጥሎ ቤቱ። ይህን በሦስት ዓመቴ አውቄዋለሁ። ያላወቅሁት፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ከቡትሪማስ የአደን ሰፈር የኮበለለ ንብ በአባቴ ጥድ ላይ መስፈሩን ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ ወሬው በማግስቱ ፕራሻ ይደርስ ነበር።

ከንቡ ሌላ ደግሞ የቤት እባብ አለ። የኛ እባብ ምድጃው ሥር ይተኛ ነበር፤ ጥቁር፣ ከጆሮ ግንዱ ጀርባ ቢጫ ነጥብ ያለው። ጧት ጧት በእንጨት ሳህን ወተት እናቀርብለታለን። ያን ወተት ሌላ ሰው ከጠጣው ከቤቱ ትልልቅ ሰዎች አንዱ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል ይባላል። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። በአምስት ዓመቴ ጣቴን ሳህኑ ውስጥ ነክሬ ልሼ ነበር፤ በዚያው ዓመት እናቴ ሞተች። ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ማታ ጣቴን ጉልበቶቼ መሃል ደብቄ እተኛ ነበር።

አንድ ጧት ጉዎዳ የእባቡን ሳህን ይዛ፣ ከምድጃው ይልቅ በጓሮ በኩል ወደ እንፋሎት መታጠቢያው ጎጆ ስትሄድ አየኋት።

«የት ነው?» አልኳት።

«ለእባቡ ወተት ላድርስለት።»

«ምድጃ ሥር አይደለም እንዴ ያለው?»

«ቤት ለወጠ።»

«ለምን?»

«ወሬሽ ሰለቸው!»

«በጨርቁ ሥር ያለውስ ምንድን ነው? የአጃ ዳቦና የአሳማ ጮማ ይሸተኛል። እባብ ጮማ ይበላል?»

«ቪስማ፣ አንድ ቃል ብትጨምሪ ምላስሽን መዝጊያው ላይ ነው የምቸነክረው።»

ወተቱ በሳህኑ ጠርዝ እየፈሰሰ ነበር። ያኔ ሳህኑ የከበዳት መስሎኝ ነበር። ዛሬ የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጅ ሲኖረኝ፣ በዚያ ዕድሜ የወተት ሳህን የማይከብድ መሆኑ ገብቶኛል።

እሷ ተመልሳ ላሟ ዘንድ ስትሄድ ወደ ጎጆው ተሳብኩ። በግንዶቹ መሃል የተጠቀጠቀውን የደረቀ የዛፍ ሽበት በጣቴ ጎርጉሬ አወጣሁና ዓይኔን ለጠፍኩ። ጨለማ ነው። የአመድ ሽታ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ፣ ከሁለቱም በታች ደግሞ ጣፋጭ የሆነ ሌላ ሽታ። ሳህኑ መሬት ላይ ነበር። ከጨለማው እጅ መጣ። እላችኋለሁ፣ እጁ የድብ እጅ ያክላል፤ ጸጉር የሸፈነው፣ ጥፍሩ ጥቁር። ሳህኑን አነሳው። ጉሮሮ ሲውጥ ሰማሁ። የእባቡን ወተት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠው፤ ከዚያም ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ላሰ።

ቀጥሎ ዓይኖቹ ወደ ቀዳዳው ዞሩ።

«ማነሽ አንቺ?» አለ በተዘጋ ድምፅ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

እንዴት እንደ ሮጥኩ አልነግራችሁም፤ አታምኑኝም። እግሬ መሬት አልነካም። የቆምኩት የእንጨቱ ክምር ጀርባ ስደርስ ነው። እዚያ ተኮራምቼ ወራት መቁጠር ጀመርኩ። እናቴ ከሞተችበት ጊዜ ቆጥሬ አውቀዋለሁ፤ ዓመት ማለት ብዙ ይመስላል እንጂ ብዙ አይደለም። አባቴ ሊሞት ነው።

ከዚያ በኋላ ከአባቴ አልተለየሁም። ዛፍ ሲወጣ የገመዱን ጫፍ በሁለት እጄ አንቄ እይዝለታለሁ። ሲበላ አፉን አያለሁ። ሲተኛ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እጠብቃለሁ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለኝ። «እንደ መዥገር ተጣበቅሽብኝ እኮ።»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነማ እጅጌዬን ልቀቂልኝ፤ ልናፈጥ።»

አልለቀቅኩም። በአንድ እጁ አፍንጫውን አጸዳ።

በማግስቱ እሱና ጉዎዳ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እኔ እዚያው ጀርባው ነበርኩ፤ መኖሪያ አድርጌው ነበር።

«እግሩ እየጠቆረ ነው» አለች ጉዎዳ። «እስከ ጉልበቱ ደርሷል።»

«አይቻለሁ።»

«አባባ፣ ቢደረስበትስ?»

«ያኔማ አንገቴ የገመድ አንገትጌ ይለምዳል።»

«ታዲያ ለምን አታስወጣውም?»

«ንቦቹ ናቸው ያመጡብኝ። ምን ላድርግ? ንቦቹን ልክሰስ?»

«ቀልድ አሁን...»

«አልቀለድኩም ልጄ። ሦስት ቀን። በሦስት ቀን መቆም ከቻለ በረግረጉ በኩል አሻግረዋለሁ። ለትንሿ ምንም እንዳትነግሪያት፤ የዚያች አፍ መዝጊያ የለውም።»

ትንሿ ሁሉንም ሰማች፤ ሁሉንም በራሷ መንገድ ተረዳች። ንቦቹ ያመጡት ፍጡር ነው። የእባቡን ወተት ስለ ጠጣ እግሩ እየጠቆረ፣ እየተጠማዘዘ፣ እባብ እየሆነ ነው። ለውጡ በሦስት ቀን ያበቃል፤ ያኔ ተስቦ ይመጣና አባቴ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ የመረቀዘ ቁስል ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፤ ሁለት ባል ቀብሬአለሁ፤ አንዱ በእግሩ ነው የሞተው። ያኔ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ እንዳይሰማ ጸጉሬን ነክሼ ቁጭ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ከጥዶቹ ጫፍ በላይ ስትሆን፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ፈረሰኞች። ሦስት መቶ ነበሩ። (ጉዎዳ አሁንም «ሰባት» ብላ አጉረመረመች፤ እንደ ለመደችው።) ፈረሶቹ እሳት ይተነፍሱ ነበር ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ጭስ ግን ይተነፍሱ ነበር። ውሻችን አንዴ እንኳ ሳይጮህ ጎተራው ሥር ገባ። ከፊት የነበረው ሱርቪላ ራሱ ነው፤ ታላቁ መስፍን። ጺሙ ኮርቻው ላይ ተነጥፏል፤ በጺሙና በፈረሱ ጋማ መሃል ድንበሩ አይታወቅም።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጉዎዳ ከጀርባው። እኔ ከጉዎዳ ቀሚስ ውስጥ።

«አንተ ንብ አርቢ» አለ ሱርቪላ። «ወንድሜ ጠፍቶብኛል።»

«ያሳዝናል ጌታዬ። በስንት ሰው ነው የምትፈልገው?»

«በሦስት መቶ።»

«ወንድሜ ቢወደኝ ኖሮ ብቻውን ይፈልገኝ ነበር።»

ፈረሰኞቹ ሊስቁ ብለው ተዉት። መስፍኑ አልሳቀም። ዓይኑ ከአባቴ ወደ ጉዎዳ፣ ከጉዎዳ ወደ ቀሚሷ ወረደ።

«ነይ እስኪ ጥርሰ ወላቃዋ» አለኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ ልጅ ደግሞ አይዋሽም። እዚህ እንግዳ ሰው አይተሻል?»

የአባቴን ፊት አየሁት። ቀለሙ የሰም ቀለም ሆኖ ነበር። እኔን አላየኝም፤ ከእኔ በላይ ባዶውን አየር ያያል። በቀሚሴ ውስጥ አንድ ሙቅ ነገር ወረደ። ይህንንም እነግራችኋለሁ፤ እውነት ነው ብያለሁና።

ማንም ሌላ ልጅ ቢሆን ያኔ አፉ ይከፈት ነበር። እኔ ግን አንጎሌ እንደ መብረቅ ሠራ። ጓሯችን ውስጥ አንድ የቆመ የግንድ ቀፎ ነበር። ዱላ አነሳሁና ሦስት ጊዜ መታሁት። ቀፎው አገሳ! ንቡ ወጣ፤ መንጋው ሲወጣ ፀሐይ ጠፋች። የእርሻ በሬ የሚያህል መንጋ፣ ቀንድ ብቻ የጎደለው። ሦስት መቶ ፈረስ በኋላ እግሩ ቆመ። መንጋው በአየር ላይ ሦስት ጊዜ ዞረና፣ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? የታላቁ መስፍን ጺም ላይ!

«አትንቀሳቀስ ጌታዬ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «ብትንቀሳቀስ ሟች ነህ!»

መስፍኑ ሐውልት ሆነ። ጺሙ ይንጫጫል። ከንፈሩን ሳይከፍት «አንሣልኝ» አለ።

«ማንሣቱንስ አነሣለሁ» አለ አባቴ፣ ወደ ፈረሱ ቀረብ ብሎ። «ግን አንድ ነገር አለ። ንቤ ከቤቴ ወጥቶ አንተ ላይ ሰፈረ። ልማዱን ታውቀዋለህ። ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንተ የንብ ዘመድ ነን።»

«ጺም ዛፍ ነው እንዴ?»

«ንብ የሰፈረበት ሁሉ ዛፍ ነው ጌታዬ።»

ያኔ የመታጠቢያው ጎጆ በር ተከፈተ። ያ ፍጡር ወጣ። ቀን ብርሃን ላይ ሲታይ እባብ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ከስቷል፣ ጺሙ ላይ ወተት ደርቋል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። ቡትሪማስ ነበር።

«እንደ ምን ዋልክ የአባቴ ልጅ» አለው ሱርቪላን። «ዘውዱ ጠበበህና ደግሞ በንብ ቀየርከው?»

«አንተ የእናትህ ልጅ፣ ሰፊ ራስ ነው ያለህ» አለ ሱርቪላ በተዘጋ አፉ። «ቆይ ከነአንገቱ እቆርጠዋለሁ።»

«አትቆርጠውም» አለ አባቴ። «ቡትሪማስ የንብ ዘመዴ ነው። አንተም የንብ ዘመዴ ነህ። በእኔ በኩል እናንተ ሁለታችሁም የአንድ ቀፎ ሰዎች ናችሁ። የአንድ አባት ልጅነት ያልከለከላችሁን ይህ ይከለክላችኋል።»

አንዲት ንብ በመስፍኑ ቅንድብ ላይ ሄደች። በመጨረሻ ጣቱን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ «ፈረስ ስጡት» አለ። ሰጡት። ነጭ ፈረስ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ፈረስ በሊትዌኒያ አልተወለደም። ቡትሪማስ በእኔ በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ፤ ከዚያም በረግረጉ መንገድ ሄደ፤ የፈረሱ ጭራ እስኪጠፋ አየሁት። ባሕር ተሻግሮ አግብቶ ሰባት ወንዶች ወልዷል ይላሉ። ሱርቪላም ንቡ ከጺሙ ተነሥቶለት በአልጋው ጸና። አንዲት ጠብታ ደም ሳትፈስ! አባቴም ለብዙ ዘመን ኖሮ፣ ዛፍ ወጥቶ፣ እርጅና ጠግቦ፣ በዚህ ፀደይ ቀበርነው። ይኸው ነው።

ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷ አጨበጨበች። እኔም ጉሮሮዬን ላረጥብ ጠጁን አነሳሁ።

የጉዎዳ መቀጥቀጫ ቆሞ ነበር።

«መንጋ አልነበረም፣ ቪስማ» አለች።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቅርብ የተቀመጡት ብቻ ናቸው የሰሙት።

«እንዴት አልነበረም! ጺሙ ላይ...»

«ቅጠል ረግፎ ነበር። ውርጭ ገብቶ ነበር። በዚያ ወቅት ንብ አይኮበልልም፤ የንብ አርቢ ልጅ ነሽ።» አገዳውን ከጭኗ ላይ አራገፈች። «ሱርቪላም አልመጣም። እሱን አንድም ቀን አይተሽው አታውቂም። ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ነበረው። ፈረሱ ላይ አስቀመጠሽ፤ ካባውን ደረበልሽ፤ ብርድ ይዞሽ ነበር። ቀስ ብሎ ጠየቀሽ። አንቺ ‹የእባቡን ወተት ጠጥቷል፤ አባባን ሊገድለው ነው› አልሽው። በጣትሽም አሳየሽው።»

ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

«ቡትሪማስ በሩን ከፍቶ ራሱ ወጣ» አለች ጉዎዳ። «አባባ ፊት መሬት ላይ ተፋ። ‹ይህ ደንቆሮ ባላገር ጎጆው ውስጥ ሦስት ቀን ስተኛ አላወቀም› አላቸው። እንደማይተዋወቁ አደረገው። ለዚያ ነው አባባን የተዉልን። እሱን ግን ከወንዙ ወዲያ አላሻገሩትም። ሲገድሉት ድምፁን ሰምተናል፤ እኔ ጆሮሽን ደፍኜ ነበር።»

ጠጁን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

«አርባ ዓመት ሙሉ» አልኳት። «አርባ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ!»

«አባባ በሕይወት እያለ እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር።» መቀጥቀጫውን አነሳች፤ ግን አልመታችም። «በዚያው ክረምት ነው ስለ መንጋው ማውራት የጀመርሽው። እኔ ተናደድኩ፤ ልነግርሽ ተነሳሁ። አባባ እጄን ያዘኝ። ‹ተያት› አለኝ። ‹እሷ ስታወራው ሰውየው በፈረስ ይሄዳል።›»